የሚስቅ አፍንጫ

ቀራፂው እናቴን በጥያቄ አላደከማትም። ፊቷ ላይ ያለውን ፋሻ አነሳ፣ አየ፣ መልሶ ሸፈነ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ከቤተሰቡ በአፍንጫ እሷን የሚመስል ማን ነው?» አለ።

እናቴ ሳታመነታ ጣቷን ወደ ታናሼ ቀሰረች።

ከታናሼ ይልቅ ለእናቴ የቀረበው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ጣቷ በእኔ ፊት አልፎ ነው የሄደው።

«በቃ፣ ሥራው አለቀ» አለ ቀራፂው። ሰውየው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ጆሮና አፍንጫ፣ ሲያስፈልግም ጣት ይሠራል። መደርደሪያው ላይ የጆሮ ዓይነት ተደርድሯል፤ ሻይ የሚጠጣውም እዚያው በጆሮዎቹ መሀል ነው። «የልጅቷን አፍንጫ ስካን እናደርጋለን፣ በሰም አውጥተን እንሞክረዋለን፣ ከዚያ በሲሊኮን። ልጅ ለእናቷ አፍንጫ ብታውስ ነውር የለውም። ወንድም ለወንድሙ ጆሮ ያዋሰበት ቀን አለ፣ እዚሁ ወንበር ላይ።»

ታናሼ ሳቀች። እናቴም ከፋሻው በላይ በዓይኗ ሳቀች።

«መልሺልኝ ካልኩሽስ፣ እማ?» አለች ታናሼ።

«አንቺ ደግሞ፣ ሚጢ፤ የወሰድሽው ከማን ሆነና!»

ታናሼን ቤት ውስጥ ሚጢ ነው የምንላት። አሁን ከሁላችንም ትረዝማለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

«አያስፈልግም» አልኩ። «እኔ ከፎቶ አወጣዋለሁ።»

ሦስቱም አዩኝ። ሥራዬ እኮ ነው። ለመንገድ ተቋራጮች የጠጠር ክምር እለካለሁ። ድሮን ክምሩን እየዞረ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ አንዲቱን ጠጠር በዚህኛውም በዚያኛውም ፎቶ ላይ ይፈልጋታል፤ ካገኛት በኋላ ከእያንዳንዱ ካሜራ ወደ እሷ መስመር ይዘረጋል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠጠሯ አለች። ይህንን ለብዙ ሺህ ነጥብ ሲደግመው ክምሩ ከነጉብታውና ከነስርጉዱ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ከዚያ ስንት ገልባጭ መኪና እንደሚሞላ ቢሮዬ ተቀምጬ እናገራለሁ። ክምር የሚቻል ከሆነ አንድ አፍንጫ ምኑ ይከብዳል?

«ልጅቷ እዚህ ቁጭ ብላ ሳለች ከፎቶ ለምን?» አለ ቀራፂው ሚጢን በአገጩ እያመለከተ።

«የእሷ አፍንጫ የእሷ ነው። እኛ የምንፈልገው የእናቴን ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ኢንጂነሯ» አለች እናቴ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ድምፅዋ ከማሰሮ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኗል። ኢንጂነሯ የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው። «ትምህርት ሊከፈት ነው። እነዚያ የሦስተኛ ክፍል ጉዶች ፊት በፋሻ አልቆምም፤ ስም ያወጡልኛል።»

«እስከ ሐሙስ ካመጣሽልኝ ሰሙን አወጣዋለሁ» አለኝ ቀራፂው። «ካላመጣሽ ግን ሚጢ ናት።»

ስሟን የሰማው ገና አሁን ነው። እሱም ወዲያው ሚጢ አላት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልናገር፤ አለዚያ ግትር ብቻ እመስላለሁ። አፍንጫው በቦታው ሳለ ቅርጹን መያዝ ይቻል ነበር። በጫፉ ላይ የወጣችው ትንሽ ቁስል ዕጢ እንደሆነች፣ አፍንጫውም እንደሚነሳ ሐኪሙ ቀድሞ ነግሯታል። እናቴ ለሚጢ ነገረቻት። ለእኔ አልነገረችኝም። እኔ ያኔ ከከተማ ውጭ የግድብ ቦታ እለካ ነበር፤ ስደውል «ደህና ነን፣ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። የሰማሁት ከቀዶ ጥገና ክፍል ከወጣች በኋላ ነው። ሚጢ ያን ሁሉ ቀን አፍንጫውን ፊት ለፊት እያየችው ሻይ ጠጥታለች፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ አንዲት ፎቶ ሳታነሳ። ለእኔ ቢነገረኝ አንድ ከሰዓት ይበቃኝ ነበር። እናቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አንዴ እዞራታለሁ፤ አለቀ። ይኸው ነው የሚያበግነኝ። ከዚህ በኋላ ደግሞ አፍንጫውን የምትሰጣት እሷው ሆና ልትቆም ነው?

አይሆንም አልኩ። ይህንን አፍንጫ ለእናቴ የምሰጣት እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሚጢ ፎቶ የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ከስልኳም ያላትን ሁሉ ላከችልኝ። ሚጢ እንዲህ ናት፤ ስትለምኚያት አትግደረደርም። መግደርደሯን እመርጥ ነበር።

«ይቺን እዪ» ትላለች፣ «የባሕሩ ዳር! እማ ጫማዋ የተወሰደባት ቀን!»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እኔ የማውቀው ጫማዋን ነው።»

«የቆየ ከሆነ አይጠቅመኝም። አፍንጫ ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። የቅርብ ዓመታቱን ብቻ ለዪልኝ።»

እናቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ታየናለች። ማስመሪያ ይዤ ሄድኩና ከአንዱ ዓይኗ ጥግ እስከ ሌላው ለካሁ። ፎቶ ቅርጽን እንጂ መጠንን አይናገርም፤ ከፊቷ ላይ አንድ እውነተኛ ልክ ያስፈልገኛል።

«ልብስ ልትሰፊልኝ ነው?» አለችኝ።

«አትናገሪ፣ ይንቀሳቀሳል።»

«እሺ፣ ሳጅን።»

ሚጢ ከጀርባዬ በሳቅ ፍርስ አለች።

ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በየአቅጣጫቸው ደረደርኳቸው፤ ከግራ የተነሱት በግራ፣ ከቀኝ የተነሱት በቀኝ፣ ከፊት የተነሱት መሀል። ሥራው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ አንዱን አፍንጫ ከተለያየ ቦታ ማየት። ከአንድ ቦታ ብቻ ብታዪው ስፋቱን ታውቂያለሽ፣ ወደ ፊት ምን ያህል እንደወጣ ግን አታውቂም። ደርድሬ ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ እንደገና አየሁት።

መሀል ላይ ያለው ክምር የእኔ ነበር። ስመረቅ ከእናቴ ጋር፣ ሥራ ስይዝ ከእናቴ ጋር፣ አዲሱ ቤቴ በር ላይ ከእናቴ ጋር። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ካሜራውን እናያለን። ፍርድ ቤት የቀረቡ ሁለት ምስክሮች እንመስላለን። ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ አንድ ሳይቀር የሚጢ ናቸው። ሚጢ በእናቴ ግራ ከሆነች የእናቴ ፊት ወደ ግራ ነው፤ በቀኝ ከሆነች ወደ ቀኝ። ሚጢ ወለል ላይ ከተቀመጠች እናቴ ወደ ታች። ሚጢ አንድ ነገር ትቀባጥራለች፣ እናቴ ወደ እሷ ዞራለች፣ ካሜራውን የሚያስታውስ የለም። ከእኔ ጋር በተነሳቻቸው ውስጥ እናቴ ወደ እኔ የዞረችበት አንድ ፎቶ ፈለግሁ። ቆርቆሮውን ገልብጬ ከሥሩ ሁሉ ፈለግሁ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች ሚጢ።

«ምንም።»

ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ የእኔዎቹን ብቻ ሞከርኩ። ይህ ሙያ አልነበረም፣ እልህ ነበር። ሁሉም ከአንድ አቅጣጫ የተነሱ ስለሆኑ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። መጀመሪያ የወጣው አፍንጫ ሳህን ላይ የተለጠፈ ሊጥ መሰለ። ጥቂት ነገር ነካክቼ ስደግመው ቀንድ ሆነ። አጠገቤ የሚቀመጠው የካርታ ባለሙያ አንገቱን አስግጎ «የየትኛው መንገድ ጠጠር ነው?» አለኝ። «የእናቴ አፍንጫ ነው» አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ከዚያ የሚጢን ፎቶዎች አስገባሁ። ሌላ ፊት ፎቶው ውስጥ ካለ ሶፍትዌሩ ይምታታበታል፤ ስለዚህ ሚጢን ከየፎቶው እየከለልኩ አወጣኋት። ከባሕሩ ዳር፣ ከልደቷ፣ ከወንበሩ ክንድ ላይ። ሥራው የግድ የሚለው ነገር ነው፤ ደስ ብሎኝ መሥራቴን ግን አልክድም። ስጨርስ እናቴ በየፎቶው ወደ ባዶ ነጭ ቦታ ዞራ ቀረች።

መስመሮቹ ተገናኙ። አፍንጫው ስክሪኑ ላይ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚወጣ ነገር ቀስ እያለ ወጣ፤ ጉብታው፣ ወደ ጫፉ ሲደርስ የሚታጠፍባት ቦታ፣ በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ስርጉድ። ያንን ስርጉድ ረስቼው ነበር። በኮምፒውተሩ መዳፊት አዞርኩት። ከሥር አየሁት፣ ከላይ አየሁት፣ ከዚህ በፊት እናቴን አይቼ በማላውቅበት አቅጣጫ ሁሉ አየሁት። ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሚጢ አውጪ ብትባል አትችልም። ሐሙስ ሳይደርስ ፋይሉን ለቀራፂው ላክሁለት።

በሰም አወጣውና ጠራን። ሰሙ ክሬም መልክ አለው፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያሳየን ነፍሱን የሳተ የእናቴ ቁራጭ ይመስላል። እናቴ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ቀራፂው ፋሻውን አነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ አፍንጫውን ቦታው ላይ አስቀመጠና እጁን ሳይለቅ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየ።



አፍንጫው የእናቴ ነበር፤ ይህ አያጠራጥርም። ግን ተነፍቷል። ሁለቱ ክንፎቹ ወደ ጎን ተከፍተዋል፣ ወደ ላይም ሳብ ብለዋል፣ ጫፉ ደግሞ ወደ ታች ወርዷል። በጉንጯና በሰሙ መሀል በግራም በቀኝም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ ዝም ያለ ፊት ላይ፣ ከተዘጋው አፍ በላይ፣ የሰውን ነገር ሁሉ የናቀ አፍንጫ ተቀምጧል።

«ምን ነክቶት ነው?» አለ ቀራፂው። «ጉንፋን ይዞታል?»

እናቴ መስታወቱን አየች። «ይሄ አፍንጫ ያሾፍብኛል» አለች።

«ልክ ነው እኮ» አልኩ። «ልኩን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።»

«ልኩ ልክ ይሆናል፤ ጠባዩ ነው የከፋው።»

«እማ!» አለች ሚጢ። «ዳይሬክተሯ ስብሰባ ላይ ስታወራ የምትሆኚው! ጎሽ፣ እንደሱ! አሁን ደግሞ ከመነጽርሽ በላይ እዪያት!»

እናቴ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፣ አልሆነላትም፣ ሳቀች። ጉንጮቿ ወደ ላይ ወጡ። ክፍተቱ በግራም በቀኝም ተዘጋ። ሰሙ ፊቷ ላይ ገጠመ፤ መጋጠሚያው ሳይታይ፣ ከፊቷ ላይ የበቀለ ይመስል። የእናቴ ፊት ከነሙሉ አፍንጫው እዚያ መስታወት ውስጥ ነበር፣ እየሳቀ፣ ልክ እንደ ድሮው። ሳቋ ሲያልቅ ጉንጮቿ ወረዱ፤ አፍንጫው ብቻውን መሳቁን ቀጠለ።

ቀራፂው «አሃ!» አለ።

እኔ ከእሱ ቀድሜ ገብቶኝ ነበር። ዘዴው አንድ ነገር አስቀድሞ ያምናል፤ የሚለካው ነገር ከፎቶ ፎቶ አይለወጥም ብሎ ያምናል። እኔም አምኜ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራዬ ሁሉ ከጠጠር ጋር ነው። ጠጠር አይስቅም።

«የምትስቅባቸውን ፎቶዎች ነዋ የተጠቀምሽው» አለኝ ቀራፂው። «ለምን የማትስቅባቸውን አልመረጥሽም?»

«ከጎን ሆና የማትስቅበት ፎቶ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? ስንት ዓመት የኖረች ሴትዮ!»

«የለም አልኩህ!» ጋሼ ነበር የምለው፤ አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ፊቷን የምታዞረው ወደ እሷ ብቻ ነው። ወደ እሷ ስትዞር ደግሞ ትስቃለች። ከእኔ ጋር ስትሆን ቀጥ ብላ ነው የምታየው። ሌላ ፎቶ የለም፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ።»

ሚጢ ወለሉን ማየት ጀመረች። ቀራፂው ሰሙን ከእናቴ ፊት ላይ ቀስ ብሎ አነሳና ፋሻውን መለሰላት።

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ያልኩትን ነው። ደግሞ ብትነግሪኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንድ ከሰዓት ነበር የምፈልገው፣ እማዬ። አንድ ከሰዓት! እሷ ታውቅ ነበር፣ ጎረቤት ያውቅ ነበር፣ እኔ ከግድብ ላይ ሆኜ ደህና ነን እባላለሁ።»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ካሜራ ይዤ እመጣ ነበር!»

«አየሽ» አለች እናቴ።

«ምኑን ነው የማየው? ትክክለኛው ነገር እኮ እሱ ነበር!»

«ትክክለኛው ነው። ዙሪያዬን ትዞሪ ነበር፣ አትናገሪ ትይኝ ነበር፣ በማስመሪያ ትለኪኝ ነበር። ሚጢ ስነግራት አለቀሰች። አጠገቤ ዘጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እኔ ነኝ ያባበልኳት። ያኔ የሚያለቅስልኝ ሰው ነበር የፈለግኩት፣ ልጄ። የሚለካኝ አልፈለግኩም።»

ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ማልቀስ እችል ነበር፤ ዓይኔም ተዘጋጅቶ ነበር። ግን በዚያ በኩል አንደኛ የወጣች አለች፤ ሁለተኛ ለመውጣት ደግሞ አላለቅስም። ቀራፂው ጀርባውን ሰጥቶን ምድጃውን ለኮሰ። አፍንጫዬን የቆርቆሮ ድስት ውስጥ ጣለው። ሰም አይባክንም። መጀመሪያ ክንፎቹ ለሰለሱ፣ ከዚያ ጉብታው ሟሟ፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ቀረ።

«ሚጢን አንቺው አንሺያት» አለኝ ሳይዞር። «የእኔ ስካነር ያረጀ ነው፤ ያንቺ ይሻላል። መጠኑን በእናትሽ ልክ ታስተካክይዋለሽ።»

ልቀበል አልፈለግሁም። ግን ትምህርቱ ሊከፈት ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያነሳት ሰው ደግሞ እዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም።

ሚጢን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ብርሃኑ ከሰሜን ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ጥላ የማይጥል። በወንበሩ ዙሪያ መዞር ጀመርኩ። ለእናቴ ያሰብኩትን ዙር ለሚጢ ዞርኩላት።

«አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም።»

«አፍንጫሽ ስቋል።»

«አፍንጫዬን እኔ አላዘውም።»

«ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል። ዝም በይ።»

ዝም አለች። እስከዚያ ቀን ሚጢ ዝም ብላ አይቻት የማውቅ አይመስለኝም። ዝም ስትል ፊቷ ሌላ ነው፤ የደከመ፣ ከዕድሜዋ የበለጠ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አነሳሁ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ከላይ አነሳሁ። እናቴ አልተሳሳተችም። ያችው ጉብታ፣ ያችው መታጠፊያ። የእኔ አፍንጫ የአባቴ ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ለማንም የማይዋስ።

«እኔ ደግሞ ባንቺ ነበር የምቀናው» አለች ሚጢ ድንገት። «እማ ሰው ፊት የምታወራው ስላንቺ ብቻ ነው። ትልቋ ልጄ፣ ትልቋ ልጄ። ስለእኔ ሲጠይቋት ‹አለች› ነው የምትለው።»

«አትናገሪ አልኩሽ።»

«አልነግርሽ ብዬ አልነበረም። እንድነግርሽ ለምኛት ነበር። እንዳትነግሪያት ማዪልኝ አለችኝ፣ ማልኩላት።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ሲነግርሽ ሸክሙን እንድታወርጂለት ነው የሚፈልገው። ካሜራውን አስተካከልኩ። በመመልከቻው ውስጥ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ታየኝ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከዓይኗ ጥግ እስከ ከንፈሯ የወረደ መስመር። እርጥብ ነገር ያንጸባርቃል፤ ነጸብራቁ ደግሞ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል፤ ሶፍትዌሩ እውነተኛ ነጥብ ይመስለውና ቅርጹን ያበላሸዋል።

መሐረብ ሰጠኋት። «ጥረጊው፣ ያብረቀርቃል» አልኳት።

ጠረገችው። እንደገና ወረደ። ቀራፂው ከመደርደሪያው ጀርባ አየኝ፣ ራሱንም ነቀነቀ። እናቴ ግን በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሁለታችንንም ስታይ ነበር። እንባው እስኪደርቅ ጠብቄ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ፎቶዎቹ እንከን አልነበራቸውም።

ሥራውን በታማኝነት ሠራሁት። ይህን ማንም እንዲጠራጠርብኝ አልፈልግም። የግራዋን ስርጉድ ግን ከእኔ ሞዴል ወስጄ ጨመርኩባት፣ ምክንያቱም ሚጢ ያቺ ስርጉድ የላትም። ሰሙ ሲሞከር በመጀመሪያው ገጠመ። ሲሊኮኑን ቀራፂው በእናቴ ቆዳ ቀለም በብሩሽ እየነካካ ሲቀባው ዋለ፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሳይቀሩ ከቀይ ክር ብጣሽ ሠራላት። ሲያስረክባት ሁለት ነገር አዘዛት። ማታ ማታ እንድታወልቀው፤ ደግሞ ማጣበቂያውን እስክትለምደው ድረስ በሰፊው እንዳትስቅ።

«እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው» አለችው። «ማን ሊያስቀኝ? ያስለቅሱኛል እንጂ።»

ትምህርት በሚከፈትበት ጠዋት እናቴ ቤት ተገኘን፣ ሚጢም እኔም። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ መነጽሯን አድርጋ ከመኝታ ቤት ወጣች። መነጽሩ የላይኛውን መጋጠሚያ ይደብቃል። ሳሎኑ መሀል ቆማ እጆቿን ዘረጋችልን።

«እ?»

ጥሩ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ቢያልፋት ዞር ብሎ አያያትም፤ የዚህ ሥራ ሙገሳ እሱ ነው።

ሚጢ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እማ! እኔን መሰልሽ!»

እውነቷን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሚጢ ነበረች እናቴን የምትመስለው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እናቴ ሚጢን ትመስላለች። ይህን ያደረግሁትም እኔ ነኝ፤ በገዛ ካሜራዬ፣ በገዛ እጄ፣ የፀጉር ክር የምታህል ስህተት ሳልተው።

«ተማሪዎቹ ግራ ይገባቸዋል» አለች ሚጢ። «የቲቸር እህት ነሽ ወይስ ቲቸር? ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ‹ቲቸር ታማለች፣ እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ› በያቸው። ከዚያ የቤት ሥራ ስትሰጪያቸው…» ሚጢ የተማሪ ድምፅ አወጣች፣ እጇን አንስታ ወንበሩን እየዞረች፣ «‹ቲቸር፣ እህትዎ ትሻለናለች!›»

እናቴ ወደ እሷ ዞረች። መጣ፤ ሲመጣ አየሁት። ከሆዷ ተነሳ፣ ትከሻዋን ነቀነቀው፣ ጉንጮቿን ወደ ላይ ሰቀላቸው። ሲሊኮኑ ግን አይስቅም። ጉንጯ ሲወጣ የግራው ጠርዝ ከቆዳዋ ላይ ተነሳ፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ተከፈተ፣ ወደ ታችም መውረድ ጀመረ። ሚጢ አላየችውም። ከሚጢ በኩል አይታይም። የሚታየው እኔ ከቆምኩበት ብቻ ነበር።

«አትሳቂ» አልኳት። «ይለቃል።»

የተናገርኩት ትክክል ነበር። ባልናገር ኖሮ ክፍል ውስጥ፣ በልጆቹ ፊት፣ ሊወድቅባት ይችል ነበር። ግን ድምፄን ሰማሁት፤ ለትክክለኛ ነገር የሚወጣ ድምፅ አልነበረም።

እናቴ ሳቋን ዋጠች። የሚጢ እጅ እንደተነሳ ቀረ። እናቴ ጣቷን ወደ ፊቷ ልትልክ ስትል «አትንኪው» አልኳትና ማጣበቂያውን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ከጠርዙ ሥር በቀጭኗ ብሩሽ ቀባሁ፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩት። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን ወደ እኔ ቀና አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿ መዳፌን ሞቀው። የጉንጯ ቆዳ ከጣቴ ሥር ስስና ለስላሳ ነበር፤ ከማስመሪያ ውጭ ነክቼው አላውቅም ብል ብዙ አላጋንንም።

ማጣበቂያው ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሚጢ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«አልያዘም እንዴ?» አለች ሚጢ። «ይረፍድባታል።»

ይዟል።

«ገና ነው» አልኳት።